ከቁልቢ መንገድ የተነሣ ጥያቄ፦ እምነት፣ ምግባርና ዋጋ በአበው ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ድሬዳዋ ሌላ ከተማ ትመስላለች። ከአዲስ አበባና ከጅቡቲ፣ ከባሕር ማዶም ሳይቀር የሚመጣው ምእመን ማረፊያውን ሁሉ ይሞላዋል፤ ከ18ኛው ቀን ጀምሮም የደንገጎ ዳገት በእግረኛ ይጨናነቃል። ጥላ የያዘ አለ፤ ሻማ የታቀፈ አለ፤ ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ የሚወጣ አለ፤ በስእለት ያገኘችውን ሕፃን ለክርስትና አዝላ የምትወጣ እናትም አለች። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሐረማያ በኩል ወደ ሐረር ያልፋል፣ ሌላው ወደ ቁልቢ ገብርኤል ያቀናል። በዚያች ሌሊት ግን ሕዝቡ ሁሉ የሚያውቀው አንዱን መንገድ ብቻ ነው።

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች አንዱ በዚህ ዳገት ሲወጣ አንድ የሥራ ባልደረባው አብሮት ነበር። ባልደረባው ፕሮቴስታንት ነው፤ የመጣውም ለመሳለም ሳይሆን ለማየት ነው። ዳገቱ መካከል ላይ፣ ሁለቱም ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ባሉበት፣ «ክርስቶስ ዕዳህን በደሙ ከፍሎ ከጨረሰ፣ አንተ በዚህ ዳገት የምትከፍለው የምን ዕዳ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ወጣታችን በዚያ ሰዓት ተቆጣ። በሳምንቱ ወደ ክፍል ሲመጣ ግን እንዲህ አለን፤ «የተቆጣሁት ጥያቄው ስድብ ስለሆነ አልነበረም። መልሱን ስላላወቅሁት ነው።»

አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ በቅንነት የተነገረ ቃል በሁለት ጥቅስ ተሸፍኖ መታለፍ የለበትም። ኤፌሶን ምዕራፍ 2ን የያዘ ሰው በአንድ ወገን፣ ያዕቆብ ምዕራፍ 2ን የያዘ በሌላ ወገን ተሰልፎ የሚወራወርበት ክርክር በየሰፈራችን ሞልቷል። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ድረስ በየሻይ ቤቱ እንሰማዋለን፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ አንድም ሰው አንድ ነገር ተምሮ ሲነሣ ማየት ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ከጥቅሱ በፊት ታሪኩን እናንሣ። ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን ሲቀርብ በደንገጎ ዳገት ላይ የመጀመሪያው አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1527 ጸጋ ዘአብ የተባለ ኢትዮጵያዊ ካህን የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ፣ ከፖርቱጋላዊው ቄስ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ሊዝበን ገባ። የንጉሡን ደብዳቤ አድርሶ የሚመለስ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ለዓመታት ቆየ። የአገሩ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ ምግብ እየጠየቁ መረመሩት። በመልሱም ሳይረኩ ከቅዱስ ቍርባን አገዱት። በባዕድ አገር ያለ ካህን፣ ክርስቲያን ነን በሚሉ ወገኖች መካከል እየኖረ፣ ከጌታ ማዕድ ሲከለከል ምን እንደሚሰማው ገምቱ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1534 የኢትዮጵያን ሃይማኖትና ሥርዓት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጻፈ። ወዳጁ ዳምያኦ ዴ ጎይስ ወደ ላቲን መልሶት በ1540 አሳተመው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከትምህርቱ ጎን ለጎን አንድ ምሬት ይሰማል፤ ክርስቲያኖች በጾምና በምግብ ልማድ ልዩነት ምክንያት ወንድማቸውን እንደ ባዕድ መቍጠራቸው ያሳዘነው ሰው ምሬት ነው።

የሚያስደንቀው በዚያው በ1534 የሆነው ሌላ ነገር ነው። ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ጀርመን አገር ወጣና ዊተንበርግ ደረሰ። በዚያም ከማርቲን ሉተርና ከፊልጶስ ሜላንክቶን ጋር ተገናኝቶ ስለ ምስጢረ ሥላሴና ስለ ቅዱስ ቍርባን ተነጋገረ። ሉተርም የዲያቆኑን እምነት አድምጦ፣ የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ የሚገልጽ የምስክርነት ደብዳቤ ጽፎ ሰጠው። አንዱ ኢትዮጵያዊ በሥርዓቱ ምክንያት በሊዝበን ከማዕድ ተከለከለ፤ ሌላው ያንኑ ሥርዓት ይዞ በዊተንበርግ በአክብሮት ተሸኘ። እንዲህ ስንል ሉተር ኦርቶዶክሳዊ ሆነ፣ ወይም ሚካኤል ሉተራዊ ሆነ ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ እያሉ ታሪኩን ወደየራሳቸው የሚጎትቱ ሰዎች በሁለቱም ወገን አሉ። እኛ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ክርክሩ በአውሮፓ በጋለበት ሰዓት የእኛ አባቶች በስፍራው ነበሩ።

ለጉዳያችን ከሁሉ የሚበልጠውን ምስክር የምናገኘው ግን ከአገር ቤት ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ አባቱ ልብነ ድንግል በመከራ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1540 በወጣትነቱ ነገሠ፤ በ1543 በወይና ደጋ ጦርነት ኢማም አሕመድን ድል አደረገ። አገሩ የተቃጠለበት፣ ገዳማቱ የወደሙበት፣ ብዙው ሕዝብ እምነቱን ለውጦ የተመለሰበት ዘመን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1555፣ ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባለ ኢየሱሳዊ መነኩሴ ወደ ቤተ መንግሥቱ መጥቶ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ስሕተቶች ይዘረዝራል ያለውን ጽሑፍ ለንጉሡ አቀረበ። ከክሶቹ ዋናው ኢትዮጵያውያን እንደ አይሁድ በሕገ ኦሪት ሥራ ይኖራሉ የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ዛሬ በዳገቱ ላይ ለወጣታችን ከቀረበው ጥያቄ ጋር በሥሩ አንድ ነው። በክርስቶስ አምናችሁ ሳለ ስለምን በሥራ ትደገፋላችሁ ማለት ነው።

ንጉሡ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የጻፈው መልስ አጭር ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከላቲን ትርጉሙ ጋር አሳትሞታልና የአውሮፓ ሊቃውንትም ያውቁታል። ገላውዴዎስ የጀመረው በልማድ ሳይሆን በእምነት ነው። ስለ ቅድስት ሥላሴ፣ ስለ ወልድ ሰው መሆን፣ ስለ ስቅለቱና ስለ ትንሣኤው መስክሮ፣ የአባቶችን ጉባኤያት ጠርቶ፣ ከሐዋርያት መንገድ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንደማይል ተናገረ። ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ተከሰሰባቸው ነገሮች መጣ። ቀዳሚት ሰንበትን እናከብራለን፤ ነገር ግን ውኃ እንደማይቀዱ፣ እሳት እንደማያነዱ፣ ከቤት ወደ ቤት እንደማይሄዱ አይሁድ አይደለም፤ ቍርባን በማቅረብና ማዕድ በማድረግ ነው አለ። ግዝረትን በተመለከተ የቅዱስ ጳውሎስን ትምህርት አስታወሰ፤ መገረዝም አለመገረዝም ለጽድቅ እንደማይረባ እናውቃለን፤ የእኛ ግዝረት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በሕንድ ጆሮ እንደሚበሳው ያለ ነው ሲል አስረዳ። ስለ እሪያ ሥጋም የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ብሎ የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 14ን መንፈስ ይዞ መለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የራሴን አስተያየት ልናገር። የገላውዴዎስ መልስ የሚደንቀኝ ከሳሹን በማሳፈሩ አይደለም። በአንድ በኩል የአባቶቹን ሥርዓት አልተወም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሥርዓቱን የመዳን ዋጋ አድርጎ አላቆመም። ልማድን ልማድ፣ እምነትን እምነት ብሎ በስማቸው ጠራ። እኛ ዛሬ ስንከራከር ብዙ ጊዜ ይህ ይጎድለናል። ጥቃት የደረሰበትን ሁሉ፣ የሰፈር ልማዱን ሳይቀር፣ የሃይማኖት ምሰሶ አድርገን እንከላከላለን። ንጉሡ ግን በጦር መካከል ሆኖ ይህን ለይቶ አየ።

ፍጻሜው ከእኛ አካባቢ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1559 በሰሙነ ሕማማት ከሐረሩ አሚር ኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጋ ወደቀ፤ ራሱም ወደ ሐረር ተወሰደ። ይኸው አሚር ኑር የሐረርን ግንብ ያሠራ ነው። ከድሬዳዋ ተነሥታችሁ ሐረር ገብታችሁ ግንቡን ስታዩ፣ እምነትና ምግባር እንዴት እንደሚገናኙ በአጭር ቃል የጻፈው ንጉሥ ታሪክ ከዚያ ዘመን ጋር የተቋጠረ መሆኑን አስታውሱ።

ከእርሱ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ኢየሱሳውያን ተመልሰው መጡ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀበለ፤ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡን ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱን ዳግመኛ እንዲሾሙ አዘዘ፤ አገሩ በደም ታጠበ፤ በ1632 ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት በዐዋጅ መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ከፕሮቴስታንቶች ወገን ሳሙኤል ጎባት በ1830 ወደ ትግራይና ጎንደር መጣ፤ ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃና ስለ እምነት ከካህናትና ከደብተሮች ጋር ተከራከረ። አያችሁን፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የከሰሱን ካቶሊኮች ነበሩ፤ በ19ኛው የከሰሱን ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ክሱ ግን ተመሳሳይ ነው። እነርሱ ደግሞ እርስ በርሳቸው በዚሁ ነገር ተለያይተው ነበር። ሉተር በ1517 የተነሣው የኃጢአት ሥርየት ወረቀት በገንዘብ ሲሸጥ አይቶ ነው፤ የሮም ቤተ ክርስቲያንም በትሬንት ጉባኤ በ1547 ስለ ጽድቅ የራሷን ድንጋጌ አውጥታ መለሰች። የገላውዴዎስ መልስ የተጻፈው ከዚያ 8 ዓመት በኋላ ነው፤ ግን የዚያ ሙግት ወገን ሆኖ አልተጻፈም። ሻጭም ገዢም ያልነበረው ሰው ስለ ገበያው ጠብ ለምን ይጠየቃል?

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ።

ቅዱስ ጳውሎስና ቅዱስ ያዕቆብ ሁለቱም አብርሃምን ምስክር አድርገው ጠርተዋል። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 4 አብርሃም በእምነት እንደጸደቀ ይናገራል፤ ያዕቆብ በምዕራፍ 2 አብርሃም ይስሐቅን በመሠዊያው ላይ ባቀረበ ጊዜ በሥራ እንደጸደቀ ይናገራል። ሉተር ይህን ማስታረቅ ከብዶት የያዕቆብን መልእክት ከሌሎቹ መጻሕፍት ጋር ሲያነጻጽራት እንደ ገለባ እስከመቍጠር ደርሷል። ነገር ግን ዘፍጥረትን ዘርግታችሁ የሁለቱን ሐዋርያት ስፍራ ፈልጉ። ጳውሎስ የቆመው በምዕራፍ 15 ላይ ነው፤ አብርሃም በዚያ ሌሊት ከዋክብትን እንዲቈጥር ታዝዞ አመነ። ግዝረት የታዘዘው በምዕራፍ 17 ስለሆነ፣ ጳውሎስ በግዝረት ለሚመኩት ሰዎች፣ አባታችሁ ገና ሳይገረዝ ጸድቆ ነበር ይላቸዋል። ያዕቆብ የቆመው በምዕራፍ 22 ላይ ነው፤ በመካከሉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ የተስፋው ልጅ ተወልዶ አድጓል። ያዕቆብም በዚያ ሥራ የምዕራፍ 15 ቃል ተፈጸመ ይላል፤ አልሻረውም። አንዱ የሰውየውን መግቢያ በር ያሳየናል፣ ሌላው በቤቱ ውስጥ እንዴት እንደኖረ ያሳየናል። ጳውሎስ የሚታገለው «ሥራዬ አስገባኝ» ከሚለው ጋር ነው፤ ያዕቆብ የሚታገለው «ገብቻለሁና አልንቀሳቀስም» ከሚለው ጋር ነው። አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ያምናሉ የሚለው የያዕቆብ አነጋገር የተወረወረው በዚህ በሁለተኛው ሰው ላይ ነው።

ኤፌሶን ምዕራፍ 2ም እንዲሁ ነው። ከቁጥር 8 እስከ 9 በጸጋ ስለ መዳን ይናገራል፤ ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ቁጥር 10ን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ ሐዋርያው ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይናገራል። በፍትሐዊነት ለመናገር፣ ሉተርም ቢሆን እውነተኛ እምነት ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም ብሎ አስተምሯል፤ ዛሬ በስሙ የሚናገሩ ሁሉ ይህን ትምህርቱን ያውቁታል ለማለት ግን ይቸግረኛል።

ስለ ዋጋ የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ ይበልጥ ረቂቅ ነው። «መዳን በጸጋ ከሆነ ዋጋ የሚባለው ምንድን ነው?» ለሚሉት ሰዎች ዋና ስፍራቸው አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 ነው። ሐዋርያው መሠረቱ ክርስቶስ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ በላዩ የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ሠራተኞችን ያሳየናል፤ አንዱ በወርቅና በብር፣ በከበረ ድንጋይ፤ ሌላው በእንጨትና በሣር፣ በአገዳ። እሳቱ ሥራውን ሲፈትን የሚጸናለት ዋጋውን ይቀበላል፤ የሚቃጠልበት ይጎዳበታል፣ እርሱ ራሱ ግን በእሳት እንደሚያልፍ ሆኖ ይድናል። በምዕራባውያን ዘንድ ይህን አንቀጽ ካቶሊኮች ለመካነ ንስሓ ትምህርት፣ ከፕሮቴስታንቶች ብዙዎች ደግሞ መዳንንና ዋጋን ለመለየት ተጠቀሙበት። በሁለተኛው ትርጉም ሰው ክፉ ቢሠራ ዋጋውን እንጂ መዳኑን አያጣም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን በዚህ መልእክት ላይ በሰጠው 9ኛው ድርሳኑ ነገሩን በጣም በተለየ መንገድ ተረጐመው። በእሳት ይድናል ማለት ሳይጠፋ በእሳቱ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው፤ ሥራው ይቃጠላል፣ እርሱ ግን አይጠፋም፣ ቅጣቱም አይቆምም አለ። ይህን ስናነብ ደስ አይለንም። እርሱም ደስ ሊያሰኘን አልፈለገም፤ መሠረቱን ይዤአለሁ ብሎ በአገዳ የሚሠራውን ሰው ሊያስደነግጥ ነው የፈለገው።

ሆኖም ዋጋን እንደ ደመወዝ ካሰብነው ደግሞ በሌላ ጎን እንወድቃለን። በከተማችን ማለዳ የቀን ሥራ የሚጠብቁትን ወንድሞቻችንን አስቡ። ፀሐይ ሳትበረታ የሚቀጠር አለ፤ እስከ ቀትር ቆሞ ማንም ሳይወስደው የሚቀር አለ። የድሬዳዋ ቀትር ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 20 እነዚህን ሰዎች አምጥቶ፣ በ11ኛው ሰዓት የገባውና ከማለዳ ጀምሮ ሐሩሩን የተሸከመው አንድ ዲናር እንዲቀበሉ አደረገ። የማለዳው ሠራተኛ አጉረመረመ። በሒሳብ ከሄድን እውነት አለው። ችግሩ፣ በወይኑ ስፍራ መዋልን ራሱን እንደ ጸጋ አለማየቱ ነው። በአንድ ወቅት በከተማችን ብዛት የነበራቸው ግሪኮች በትንሣኤ ሌሊት የሚያነቡት፣ በአፈ ወርቅ ስም የሚታወቀው ስብከት በዚህ ምሳሌ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የጾመውንም ያልጾመውንም ወደ ማዕዱ ይጠራል።

ስለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያናችን ስለ 30፣ ስለ 60ና ስለ 100 ፍሬ ስታስተምር የመንግሥተ ሰማያትን ክብር በደረጃ የምትናገረው፤ ነገር ግን ሦስቱም ፍሬዎች የበቀሉት ከአንዱ ዘር ነው። ዘሩን የዘራው ባለቤቱ ነው፤ መሬቱ ደግሞ መቀበልና መጠበቅ ነበረበት።

እዚህ ድረስ የጻፍሁት ለሌላው ወገን መልስ ሊመስል ይችላል። የእኛን ጎድሎ ሳልናገር ብተወው ግን ለዚያ ወጣት አልመለስሁለትም።

በላዔ ሰብእን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በኪዳነ ምሕረት ዕለት በየዓመቱ ይነገራል። 78 ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ምሕረት አገኘ። ከተአምረ ማርያም ታሪኮች ሁሉ በሌሎች ዘንድ እጅግ የሚነቀፈው ይህ ነው። ታሪኩን በጥሞና የሚሰማ ግን ሥራ እንደ ገንዘብ አለመቈጠሩን ያያል። 78 ነፍስን በጥርኝ ውኃ የሚመዝን ሚዛን በየትኛውም ገበያ የለም፤ ሚዛኑ እንዲያጋድል ያደረገው የውኃው ክብደት ሊሆን አይችልም። ታሪኩ የሚነገረው ምሕረት ምን ያህል ትንሽ ምክንያት እንደሚበቃው ለማሳየት ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ይህን ታሪክ የኃጢአት ፈቃድ አድርጎ የሚሰብክ የለም ወይ? «ዓመቱን እንዳሻህ ኑር፤ አንድ ቀን ጥርኝ ውኃ ትሰጣለህ» የሚል መንፈስ በስብከታችን ውስጥ ሾልኮ አልገባም ወይ? ልፋፈ ጽድቅ ከሬሳ ጋር ስለ ተቀበረ ብቻ ንስሓ ያልገባው ሰው ይድናል ብሎ የሚታመን ዘመድስ የለንም? ካለን፣ የባልደረባው ጥያቄ ለእኛም ይገባናል።

ስእለትም እንዲሁ ነው። ስእለት መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው፤ ሐና በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ልጅ ብትሰጠኝ መልሼ ለአንተ እሰጠዋለሁ ብላ ተሳለች፤ መክብብም ምዕራፍ 5 ላይ የተሳሉትን ማዘግየት እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። የሐናን ስእለት ከብዙው የዛሬ ስእለት ግን አንድ ነገር ይለየዋል። ሐና የለመነችውን ያንኑ ልጅ መልሳ ሰጠች፤ ለራሷ ያስቀረችው አልነበረም። እኛ ብዙ ጊዜ ቤት ለምነን ጥላ እንሰጣለን፤ ንግድ ለምነን ምንጣፍ እናገባለን። ምንጣፉ ጥፋት የለበትም፤ ክፋቱ «ተስማምተናል፣ ከፍያለሁ፣ ጨርሰናል» ብሎ መመለሱ ነው። በዳገቱ ላይ ድንጋይ የተሸከመው ሰው ለምስጋና ተሸክሞት ከሆነ ሸክሙ ያማረ ነው፤ ለሒሳብ ተሸክሞት ከሆነ ግን ያልተላከበትን ዕዳ እየከፈለ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን የሚወቅሰን ከሁሉ በፊት የበዓሉ ታሪክ ራሱ ነው። ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣበትን ቀን ነው። ሦስቱ ወጣቶች በናቡከደነፆር ፊት ቆመው ምን እንደተናገሩ በዳንኤል ምዕራፍ 3 ከቁጥር 16 እስከ 18 አንብቡ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ይህ ንግግር ከስምምነት ሁሉ የራቀ ነው። ካዳንኸን እናመልክሃለን አላሉም። እምነታቸው ሙሉ የሆነው መዳናቸውን ሳያዩ ነው፤ ሥራቸውም፣ ማለት እምቢ ማለታቸው፣ ወደ እሳቱ መግባታቸው፣ ከእምነታቸው ሊነጠል አልቻለም። እምነት ብቻ ቢሆን በልባቸው አምነው በጉልበታቸው በሰገዱ ነበር፤ ሥራ ብቻ ቢሆን ዋጋውን አስቀድመው በጠየቁ ነበር። በዚህ ቀን የቁልቢን ዳገት የሚወጣ ሰው «ባያደርግልኝም» የሚለውን ቃል በልቡ ይዞ ካልወጣ የበዓሉን ታሪክ ገና አልሰማም።

የቁልቢ ደብር ታሪክም ከስእለት ጋር የተሳሰረ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው ትረካ፣ የሐረርጌው ገዥ ልዑል ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ በቁልቢ ተስለው፣ በ1888 ዓ.ም. ከድሉ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ። ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1895 ዓ.ም.፣ የባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በቆላው ቀርቶ ድሬዳዋ ተቈረቈረች፤ ከዚያ ወዲህ ተሳላሚው በባቡር እየመጣ ከዚህ ዳገቱን ይያያዘው ጀመር። ራስ መኰንን ሹመትም ድልም አግኝተዋል፤ ስእለታቸውም ሠምሯል። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ታመው፣ እዚያው ቁልቢ ላይ ዐረፉ። በዚያ ጊዜ ስእለት የሠመረለት ሰው የሚያቀርበው ሌላ ስእለት የለም፤ ያሠራው ደብር ከአጠገቡ ቆሟል፣ እርሱ ግን እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ባዶ እጁን ምሕረት ይለምናል።

ይህን ሁሉ በክፍል ከተነጋገርን በኋላ ያ ወጣት አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ «ታዲያ ለባልደረባዬ ምን ልበለው?» አለ። ዕዳህ ተከፍሏል ማለቱ ትክክል ነው በለው አልነው፤ እኔም የምወጣው ዕዳ ለመክፈል አይደለም፣ ዕዳዬን የከፈለልኝን ለማመስገን ነው በለው። ከዚያም በፊት ግን ራስህን ጠይቅ፤ እውነት ካልሆነ አትንገረው።

ዝም አለ። በሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ ለሁለት ዓመት ያቆየው ስእለት እንደነበረው፣ አባ ነፍሱን እንዳማከረና በዚያ ገንዘብ በሰፈሩ ላለች አንዲት ባልቴት የቤት ኪራይ እንደከፈለ ነገረን። ባልደረባውን ገና አላናገረውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።